ያልተመረቀው ተማሪ

የመገናኛ መጽሔታችን ወግ የታወቀ ነው። የየባቹ ፎቶ፣ በሞት የተለዩን መምህራን ስም፣ ከየአገሩ የሚላክ ደብዳቤ፣ ማን ፕሮፌሰር ሆነ፣ ማን አያት ሆነ። ዘንድሮ «አንቺም የሆነ ነገር ጻፊልን» ስባል ግን ቶሎ ትዝ ያለኝ ከዩኒቨርሲቲያችን ያልተመረቀ ሰው ነው፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታ። ሠዓሊው፣ ገጣሚው፣ መምህሩ። ሳይንስ ሊማር ገብቶ አቋርጦ የወጣ ተማሪ ነበር። ከተመራቂዎች መዝገብ ስሙን ብትፈልጉ አታገኙትም፤ ስድስት ኪሎ አካባቢ ግን ዩኒቨርሲቲው የሚያስተዳድረው ሙዚየም በእሱ ስም ይጠራል።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፤ በሁለት ካላንደር መመላለስ የታካሚ ካርድ ላይ ይበቃኛል። ሁለተኛ፣ በዕድሜም በማዕረግም አንቱ ልለው የሚገባ ሰው ነው። ግን ገጣሚን አንተ ማለት የአገራችን አንባቢ የቆየ ልማዱ ስለሆነ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ድፍረት አይደለም፣ ቅርበት ነው።

የተወለደው በ1932 ሐረር ነው። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሊቅ፣ ብራና ላይ የሚጽፉና የሚሥሉ ሰው ነበሩ። ይሄን ነገር በቀላሉ አትለፉት። የብራና ሥራ ማለት ቆዳ ፍቆ፣ ወጥሮ፣ አድርቆ፣ ቀለሙን ራስ በጥብጦ፣ መቃ ቀርፆ የሚሠራ ሥራ ነው። ጥቁሩ ለጽሑፉ፣ ቀዩ ለቅዱሳን ስም። ከእንዲህ ዓይነት ቤት የወጣ ልጅ ቀለም ከየት እንደሚመጣ በመጀመሪያ የሚያውቀው ከሱቅ ቱቦ አይደለም። ፊደልና ሥዕልም አንድ ገበታ ላይ የሚሠሩ የአንድ እጅ ሥራዎች ናቸው። ኋላ ላይ ሰዎች «ገብረ ክርስቶስ ሠዓሊ ነው ወይስ ገጣሚ?» እያሉ ሲከራከሩ፣ ክርክሩ በአባቱ ቤት ትርጉም የሚኖረው አይመስለኝም።

ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አዲስ አበባ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በሉሲየን ማት መሪነት በ1950 ተከፈተ። ገብረ ክርስቶስ ወደዚያ ሲገባ የተመደበው ሳይንስ ነው። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ጎበዝ ተማሪ ሳይንስ ይገባል፤ በእሱ ጊዜም እንዲሁ፣ በእኛም ጊዜ እንዲሁ፣ አሁን በልጆቻችንም ጊዜ እንዲሁ ነው። ከባቻችን ውስጥ ቲያትር ቤት መግባት እየፈለገ አናቶሚ የሸመደደውን፣ በገና መደርደር እያማራት ባዮኬሚስትሪ ላይ ያደረችውን ስም ጠርቼ አላሳጣም። ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

እሱ ግን ወጣ። መውጣቱን ዛሬ ስንሰማው የሚያምር ታሪክ ይመስላል፤ በጊዜው ምን ማለት እንደነበር ግን አስቡት። ያኔ አገሪቱ ውስጥ መደበኛ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አልነበረም። አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተምረው መጥተው ትምህርት ቤቱን ያቋቋሙት በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ገብረ ክርስቶስ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል አልተዛወረም። ከተሠራ መንገድ ወደ ሜዳ ነው የወጣው። ደመወዝ የሚያስገኝ ሙያ ትቶ ስሙ እንኳ በቅጡ ያልተሰየመለት ሥራ ውስጥ ገባ። በቤተሰቡ ውስጥ ምን ተባለ ይሆን? የሐኪም ቤተሰብ ምን እንደሚል እንኳን አውቃለሁ።

በ1957 ወደ ጀርመን ሄዶ ኮሎኝ ውስጥ እስከ 1961 ሥነ ጥበብ አጠና። ኮሎኝ በጦርነቱ ቦምብ የፈራረሰች፣ ያኔ ገና እየተሠራች የነበረች ከተማ ናት። የጀርመን ሠዓሊዎችም ናዚዎች «ብልሹ» ብለው ከየሙዚየሙ ያስወጡትን ዘመናዊ ሥዕል መልሰው ከፍ የሚያደርጉበት ጊዜ ነበር። አብስትራክት፣ በአማርኛችን ረቂቅ የምንለው የአሣሣል ስልት፣ እዚያ የነፃነት ምልክት ሆኖ ነበር። የሐረሩ ልጅ የገባው በዚህ መሀል ነው። እዚያ ሳለ ግጥሙንም አልተወም። ሁላችንም በትምህርት ቤት ያነበነብነው «ሀገሬ» የዚያ ዓይነት ርቀት የወለደው የናፍቆት ግጥም ነው። ልጅ ሆኜ ስወጣው የባንዲራ ግጥም ይመስለኝ ነበር፤ አድጌ ሳነበው ግን የብርድ አገር ግጥም ሆኖ አገኘሁት። አገሩን እየጠራ የሚያሞካሻት ስለራቃት ነው።

ተመልሶ መጥቶ በ1963 አዲስ አበባ ላይ ሥራዎቹን ሲያሳይ የተነሣው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ይሄ ምኑ ኢትዮጵያዊ ነው?» መስቀል የት አለ? የዓድዋ ፈረስ የት አለ? ትልልቅ ዓይን ያላቸው ቅዱሳንስ? ጥያቄው ክፉ አልነበረም። ሥዕልን ታሪክ የሚያነብበት፣ ቅዱሱን ከአረማዊው በዓይኑ ብዛት የሚለይ ሕዝብ (በጥንታዊ ሥዕላችን ክፉ ሰው በአንድ ዓይን ብቻ በጎን እንደሚሣል ታውቃላችሁ) ባዶ ቀለም ፊት ሲቆም «ምን ይላል?» ማለቱ ይገባኛል። እሱ ደግሞ ቀለሙ ራሱ ይናገራል ባይ ነበር። በዚያው በ1963 የሠራው «ጎልጎታ» ለዚህ ክርክር የሰጠው መልስ ነው ብዬ ነው የማየው። ርዕሱን ከአባቱ መጻሕፍት ወሰደ፤ የሣለው ግን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በለመደው መልክ አይደለም። በዓሉን ሳይሆን ሕመሙን ነው የሣለው።

በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሥነ ጥበብ ሽልማት ለእሱ ተሰጠ። በ1964 የተሸለሙት አፈወርቅ ተክሌ ነበሩ፤ በ1967 ደግሞ እስክንድር ቦጎሲያን። ሦስቱን በአንድ መስመር ስታዩአቸው ያ ዘመን ምን ያህል ባለጸጋ እንደነበር ይገባችኋል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው አብስትራክት ይወዱ ነበር ወይ? እንጃ። መሸለሙ ግን ተሸልሟል።

ሽልማቱን ያነሣሁት ለክብሩ ነው እንጂ እኔን የሚይዘኝ መምህርነቱ ነው። ከጀርመን ከተመለሰ በኋላ አገሩን ጥሎ እስከወጣበት እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ አስተማረ። ከ1966 እስከ 1969 እስክንድርም እዚያው ነበር። አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ፣ አንዱ ከኮሎኝ ሌላው ከለንደንና ከፓሪስ የመጡ ሁለት ሰዎች። ተማሪዎቹ ምን ያህል ዕድለኛ እንደነበሩ ያኔ ያወቁት አይመስለኝም፤ ተማሪ መቼ ያውቃል።

መምህርን መመዘን የምችለው በተማሪው ነው። ዘሪሁን የትምጌታን ውሰዱ። ቀርከሃ እየሰነጠቀ፣ እየደረደረ፣ ቆዳ እየወጠረ፣ የጥልሰም ምልክቶችን እያሰፈረ የራሱን ዓለም ሠራ። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍን ውሰዱ። የአማርኛን ፊደል ከገጹ አውጥቶ ሸራ ላይ አስጨፈረው፤ «ሀ» የሚነበብ ድምፅ መሆኑ ቀርቶ የሚራመድ አካል ሆነ። ሁለቱም ከገብረ ክርስቶስ ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው፤ ሥራቸውን ከእሱ ሥራ ጎን ብታስቀምጡ ግን ይሄ የዚያ ተማሪ ነው ብሎ በመልክ የሚለይ ሰው አይገኝም። አንዳቸውም ቅጂ አይደሉም።

ይህ ለእኛ ለሐኪሞች እንግዳ ነገር ነው። የእኛ ሥልጠና ቅጂ ነው፤ መሆንም አለበት። አንዱን አይተሽ፣ አንዱን ሠርተሽ፣ አንዱን አስተምሪ። ሬዚደንቱ ክር የሚቋጥረው ሲኒየሩ እንደሚቋጥረው ነው፤ አለበለዚያ ሰው ይሞታል። የድሮው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ትምህርትም እንዲሁ ነበር፤ ደቀ መዝሙሩ የመምህሩን ንድፍ ይገለብጣል፤ ያልገለበጠ አልተማረም። ገብረ ክርስቶስ ከዚያ ቤት ወጥቶ፣ ተማሪን እንዳይገለብጠው አድርጎ ማስተማር መቻሉ ከሥዕሎቹ ሁሉ የበለጠ ይገርመኛል። ደግሞም በ1960ዎቹ ለአብስትራክት መከራከር ብቻውን ሰው ያደክም ነበር። ተከታይ ሠራዊት ማፍራት ለእሱ ይጠቅመው ነበር፤ አላፈራም።

በትርፍ ጊዜዬ ሥዕል ያስተማሩኝ መምህር የዚያው ትምህርት ቤት ልጅ ናቸው። ስማቸው እንዲነሣ አይፈልጉም። ቅዳሜ ከሰዓት እየተሰበሰብን አንድ የተቆረፈደ የብረት ጣሳ ለሳምንታት ያሥሉን ነበር። አንድ ቀን አንዱ የክፍላችን ልጅ ፍጹም የገብረ ክርስቶስን የሚመስል ነገር ሠርቶ አመጣ። እጁ ጎበዝ ነበር፣ ሁላችንም አጨበጨብን። ጋሼ አዩት፣ ፈገግ አሉ፣ ሸራውን አዞሩና ግድግዳው ላይ አስደግፈው «ይሄ ተይዟል» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ያን ቀን የተማርኩትን አስተያየት በአማርኛ ስጽፍ ዛሬም እጠቀምበታለሁ። ግጥም ስጽፍ ቤቱ ሲመታ ደስ ካለኝ፣ ተይዟል ወይ ብዬ አያለሁ።

አሁን ለሙያዬ ወደሚቀርበው ልምጣ። ገብረ ክርስቶስ ለምጽ ነበረበት። ምስጢር አይደለም፤ ስለ እሱ የጻፉ ሰዎች ያነሱታል፤ ብዙ ጊዜ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ሐኪም እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ይቆማል።

ለምጽ፣ በሕክምና ስሙ ቪቲሊጎ፣ የሰውነት መከላከያ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሜላኖሳይት የተባሉ ሕዋሳት እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲያጠፋ የሚመጣ ነው። አይተላለፍም፤ አይገድልም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም እንኳ የለውም። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ አለበት። ነጩንም ጥቁሩንም ይይዛል፤ ልዩነቱ የእኛ ቆዳ ላይ ከሩቅ መታየቱ ነው። በአብዛኛው ፊትንና እጅን ይወዳል። ለሠዓሊ እጅ ምን እንደሆነ እናንተው አስቡት።

የአገራችን ችግር በሽታው ብቻ ሳይሆን ቃሉም ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሪት ዘሌዋውያን ከሰፈር ውጭ እንዲቀመጥ የሚታዘዝበትን ሰው ደዌ «ለምጽ» ይለዋል። ንዕማንም ለምጻም ነው። ስለዚህ ለምጽ ያለበት ሰው በስሙ ብቻ ርኩስ ከተባሉት ጋር ይቆጠራል፤ ከሥጋ ደዌም ጋር ይቀላቀላል። የቆዳ ሕክምና ልምምድ አለርት ሆስፒታል ስንሠራ፣ ይሄን መቀላቀል በየቀኑ እናየው ነበር። በበጋ ረጅም እጅጌ ለብሰው የሚመጡ፣ ካርድ ክፍሉ ጋ በነጠላ የሚሸፈኑ፣ ስማቸው ሲጠራ ቀስ ብለው የሚነሱ ሰዎች። ከእነሱ መሀል የሥጋ ደዌ ያለበትም፣ ቪቲሊጎ ብቻ ያለበትም ነበር፤ ሸፈፋው ግን አንድ ነው። ቅባትም ብርሃንም ሰጥተን እንልካቸዋለን። ብርሃን ስል ቀልድ አይደለም፣ በአልትራቫዮሌት ጨረር ማከም አንዱ መንገድ ነው፤ የአንዳንዱ ቀለም በነጠብጣብ በነጠብጣብ ይመለሳል፣ የአንዳንዱ አይመለስም። ለቃሉ ግን የምንሰጠው መድኃኒት አልነበረንም።

የካህን ልጅ ነው። ያ ቃል የት ምዕራፍ ላይ እንዳለ የሚያውቅ ቤት ውስጥ ያደገ።

እዚህ ላይ አንድ ትርጓሜ አለ፤ ስሰማው ያናድደኛል። «ቆዳው ስለተዥጎረጎረ ነው አብስትራክት የሣለው» የሚል። እኛ ሐኪሞችም ይሄ ልማድ አለብን፤ የቫን ጎግን ቢጫ በመድኃኒት፣ የኤል ግሬኮን ቀጫጭን ቅዱሳን በዓይን ጉድለት ማስረዳት ደስ ይለናል። ገብረ ክርስቶስ እንዲያ የሣለው አስቦበት፣ ተምሮት፣ ተከራክሮበት ነው። በዚያን ጊዜ ኮሎኝ ውስጥ ቆዳቸው ንጹሕ የሆነ ብዙ ወጣቶችም አብስትራክት ይሥሉ ነበር። ሆኖም ግን ሕመሙ ምንም አልነካውም ማለትም አይቻለኝም። «የጠፈር ባይተዋር» የሚል ርዕስ ለግጥም የሚሰጥ ሰው ባይተዋርነትን በመዝገበ ቃላት አይደለም የሚያውቀው። ዓለም ሁሉ ስለ ሮኬት በሚያወራበት ዘመን ጠፈር ላይ የሄደው ብቸኝነትን ለመፈለግ ይመስለኛል። መልኩን ቀድሞ የሚያይ ሕዝብ መሀል የሚኖር ሰው፣ መልክ የሌለበት ሥዕል ውስጥ ማረፊያ ቢያገኝ አይገርመኝም። ምክንያት ነው አላልኩም፤ ማረፊያ ነው ያልኩት።

ከአብዮቱ በኋላ ያለው ታሪክ አጭርና የምታውቁት ዓይነት ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ አገሩን ለቆ ወጣ፤ ጀርመንን አይቶ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። መጋቢት 1981 ኦክላሆማ ውስጥ ላውተን በምትባል ከተማ አረፈ። ሃምሳ ዓመት አልሞላውም። «ሀገሬ»ን የጻፈው ሰው ላውተን ቀረ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ አሜሪካ ስላላችሁ በዚህ ላይ ብዙ አልጨምርም።

ግጥሞቹ ተሰብስበው «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርዕስ በዩኒቨርሲቲያችን ማተሚያ ቤት ታትመዋል። እኔ ያነበብኩት ከተመረቅሁ በኋላ የተመደብኩበት የወረዳ ከተማ ውስጥ፣ መብራት በሚጠፋባቸው ምሽቶች ነው። ሐኪም መሆንና መጻፍ አብረው አይሄዱም ብሎ የነገረኝ ሰው ብዙ ነበር፤ ይሄ መጽሐፍ ሌላ ነገር ነው የነገረኝ። በአንድ ስንኝ ረዝሞ በሌላው ያጥራል፣ ቤት ሲመታ የሚመታው ሲፈልግ ነው፣ አስፋልትና ፋብሪካ ከመልአክና ከሲኦል ጋር ይገባሉ። የተረኛነት ሌሊቴን፣ የኦክስጅን ሲሊንደር ድምፅን፣ የእናት ለቅሶን «ቅኔ አይሆንም» ብዬ ትቼው የነበረውን ሁሉ እንድጽፈው የፈቀደልኝ እሱ ነው። በአካል ባያስተምረኝም መምህሬ የምለው ለዚህ ነው።

ሥዕሎቹ ጀርመን ውስጥ ብዙ ዓመት ከቆዩ በኋላ ወደ አገር ተመልሰው፣ ሙዚየሙ በ2008 ተከፈተ። ሌሎቹ ሥራዎቹ ግን ተበትነው ነው ያሉት። በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ዘመናዊ ሥዕል ይገዛ የነበረው ጥቂት ሰው ነው፤ ዲፕሎማቱ፣ የውጭ አገር አስተማሪው፣ ጥቂት የተማረ ኢትዮጵያዊ። ከእነዚያ ጥቂቶች የአንዳንዶቹ ልጆች ዛሬ የዚህ ማኅበር አባላት ናችሁ። ሳሎን ውስጥ፣ ከአባታችሁ ፎቶ አጠገብ፣ ማን እንደሣለው የማይታወቅ ሥዕል ሊኖር ይችላል። በጠጣር ሰሌዳ ላይ የተሣለ የዘይት ቀለም ጭስና እርጥበት አይወድም፤ ከምድጃው አጠገብ ካለ አውርዱት። በሶፍት አትጥረጉት። ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንሡትና ለሙዚየሙ አሳዩ፤ ስጡ ማለቴ አይደለም፣ አሳዩ ነው። ምን እንዳለና የት እንዳለ ካልተመዘገበ ስለ ገብረ ክርስቶስ የምንጽፈው ሁሉ ግማሽ ካርድ ይዞ ምርመራ እንደመጻፍ ነው።

ከባቻችን አምስት ሰዎች የመገናኛው ቅዳሜ ጠዋት፣ ከምሳው በፊት፣ አብረን ወደ ሙዚየሙ ለመሄድ ተስማምተናል። የሚመጣ ካለ ስድስት ኪሎ ከሐውልቱ ሥር እንገናኝ፤ ልጆቻችሁንም አምጡ።